ፎገር፣ ፍሊት፣ ጄል ወይስ ዱቄት፦ ለቤት ውስጥ ተባይ የትኛው ይገዛ?

ለቤት ውስጥ ተባይ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ገዢውን ብዙ ጊዜ ወደማይጠቅመው ዕቃ ይመራዋል። ተባዩን ፊት ለፊት አግኝቶ መግደል ለብዙዎቹ መድኃኒቶች አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው ተባዩ ተደብቆ ወደሚውልበት ስንጥቅ መድረስ፣ ካልሆነም ተባዩ ራሱ ወደ መድኃኒቱ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ፎገር፣ ፍሊት፣ ጄል፣ ዱቄትና ሙቀት ከዚህ በታች የተመዘኑት በዚህ መለኪያ ነው።

ፎገር፣ ቁልፉ አንዴ ከተጫነ በውስጡ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በጭጋግ መልክ አየር ላይ የሚለቅ ቆርቆሮ ነው። ክፍሉ መሃል ይቀመጣል፣ ይከፈታል፣ የቤቱ ሰው በር ዘግቶ ይወጣል፤ መመሪያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲሞላ ተመልሶ ቤቱን ያናፍሳል። የሚወደደውም ድካም ስለሌለው ነው። በውስጡ የሚገኘው በአብዛኛው እንደ ፐርሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን ወይም ቴትራሜትሪን ያለ ፓይረትሮይድ ከሚባለው ሰው ሠራሽ የተባይ መርዝ ወገን የሆነ መድኃኒት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ኃይል የሚያጠናክር ፓይፐሮኒል ቡቶክሳይድ የሚባል ውሁድ ይታከልበታል።

ችግሩ ያለው በመድኃኒቱ ዓይነት ላይ ሳይሆን በአካሄዱ ላይ ነው። ጭጋጉ ወደ ላይ ከተነሣ በኋላ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ላይ ባደረገ ገጽ ሁሉ ላይ ነው፦ በወለል፣ በጠረጴዛ፣ በአልጋ ልብስ፣ በመደርደሪያ አናት። ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ብርጭቆ ከፎገሩ በኋላ ቢነሣ፣ ዙሪያው ስስ ቅባት ሲይዝ ሥሩ ግን ደረቅ ክብ ሆኖ ይገኛል። በረሮም ትኋንም ቀናቸውን የሚያሳልፉት ጭጋጉ ባልነካው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው፦ በቁም ሣጥን ማጠፊያ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣ ሞተር አጠገብ፣ በዕቃ ማጠቢያ ገንዳና በግድግዳ መካከል፣ በፍራሽ ስፌት እጥፋት ውስጥ። ስለዚህ ፎገር ቤተሰቡ የሚነካውን ገጽ በሙሉ ይቀባና ተባዩ የሚኖርበትን ሳይነካ ይቀራል።

ይህን ያረጋገጡ ጥናቶች አሉ። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በሚኖርባቸው አፓርታማዎች ውስጥ ገበያ ላይ የሚገኙ አራት ዓይነት ፎገሮችን ፈትነው የጀርመን በረሮ የሚባለው ትንሹ ቡናማ የቤት በረሮ ቁጥር እንዳልቀነሰ፣ በወለልና በዕቃዎች ላይ የቀረው መድኃኒት ግን በእጅጉ እንደጨመረ አሳይተዋል፤ ለማነጻጸሪያ ጄል፣ ማለትም መርዝ ያለበት ማባበያ ምግብ፣ በተደረገባቸው ቤቶች በረሮው በግልጽ ቀንሷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎገርን በትኋን ላይ ሞክረው፣ ከቤቶች የተሰበሰቡት ትኋኖች አብዛኞቹ ከጭጋጉ እንደተረፉ፣ ስስ ጨርቅ ሥር መደበቅም ለመትረፍ እንደሚረዳ አግኝተዋል። በአንዳንድ ቤቶች ደግሞ በረሮውም ትኋኑም ፓይረትሮይድን ለብዙ ትውልድ ተላምዶታል፤ እንዲህ ያለው ተባይ ጭጋጉ ቢያገኘውም አይሞትም።

አደጋውም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በብዙዎቹ ፎገሮች ውስጥ መድኃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ያልጠፋ የምድጃ እሳት ወይም በራሱ ጊዜ የሚነሣ የማቀዝቀዣ ሞተር የሚፈጥረው ብልጭታ ክፍሉን ሊያፈነዳው ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በስምንት ክፍለ ግዛቶች ከፎገር ጋር የተያያዙ 466 የሕመምና የጉዳት አጋጣሚዎች መመዝገባቸውን ገልጿል። ከምክንያቶቹም መካከል ቆርቆሮውን ከፍቶ በጊዜ አለመውጣት፣ ሳይናፈስ መመለስ፣ ለክፍሉ ከሚበቃው በላይ መጠቀምና ጎረቤትን አለማስጠንቀቅ ይገኙባቸዋል። ፎገር መግዛቱ የማይቀር ከሆነ፣ የክፍሉ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተባዝቶ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው መጠን ጋር መነጻጸር ይኖርበታል። «አንድ ለቤቱ አነሰ» ብሎ ሁለት ሦስት መክፈት በረሮውን አይጨርስም፤ የሚጨምረው የፍንዳታውንና የመመረዙን ዕድል ነው።

ፎገር ጥቂት ቦታ ያለው በአየር ላይ ለሚበሩ እንደ ዝንብና ትንኝ ላሉ ነፍሳት ነው። እዚያም ቢሆን የሚገድለው በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የተገኘውን ብቻ ስለሆነ፣ መስኮቱ ሲከፈት ሌላው ይገባል።

በተለምዶ ፍሊት የሚባለው በእጅ የሚረጨው ቆርቆሮ ከፎገር የሚሻለው በአንድ ነገር ነው፦ የሚረጨው ሰው ወደ ስንጥቁ አቅጣጫ ሊይዘው ይችላል። ፊት ለፊት የተገኘን በረሮ ወይም ተርብ ለመግደል ፈጣን ነው። ገዢው ግን ሁለት ዓይነት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ አንደኛው በቅጽበት ጥሎ ወዲያው የሚጠፋ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርቆ ለሳምንታት የሚቆይ ነው። ለስንጥቅና ለጠርዝ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከምግብ ማዘጋጃ ገጽ፣ ከሕፃናት መጫወቻና ከዓሣ ገንዳ መራቅ አለበት። ፐርሜትሪን ለድመት እጅግ አደገኛ ነው፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ውሻ ጉበት በፍጥነት አፍርሶ ማስወገድ አይችልም።

ፍሊት ለጉንዳን የሚገዛ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። መንገድ ላይ የሚታዩት ሠራተኞች ከጎሬው ሕዝብ ጥቂቱ ናቸው፤ እነርሱን መርጨት ንግሥቲቱን አይነካም። እንዲያውም ፈርዖን የሚባለው ጥቃቅን ቢጫ ጉንዳን ርጭት ሲያስደነግጠው ጎሬውን ከፋፍሎ በየክፍሉ አዲስ ይመሠርታል። ለዚህ ዓይነቱ ጉንዳን የሚያዋጣው ቀስ ብሎ የሚገድል፣ ሠራተኞቹ ወደ ጎሬው ተሸክመው የሚያደርሱት ጣፋጭ መርዝ ነው።

ጄልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ በእኔ ግምት ለበረሮ ከተሠሩት ዕቃዎች ሁሉ ለገንዘቡ የሚበቃው እርሱ ነው። በመርፌ መሳይ ቱቦ ይሸጣል፤ ውስጡ በረሮ የሚወደው ምግብና እንደ ፊፕሮኒል፣ ኢንዶክሳካርብ፣ ሃይድራሜቲልኖን ወይም አባሜክቲን ያለ መርዝ ይዟል። በረሮው በልቶ ወዲያው አይሞትም፤ ወደ መደበቂያው ተመልሶ እዚያ ይሞታል። ሌሎቹ፣ በተለይ ከጎሬው የማይወጡት ጫጩቶች፣ ኩሱንና ሬሳውን ሲበሉ መርዙ ወደ እነርሱም ይተላለፋል። ፎገር የማይደርስበትን ስንጥቅ በረሮው ራሱ መርዙን ተሸክሞ ይደርስለታል ማለት ነው።

አቀማመጡ ከምርቱ ስም በላይ ይወስናል። አንድ ትልቅ ጉብታ አንድ ቦታ ከማድረግ ይልቅ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ብዙ ጠብታዎችን ጥቋቁር ነጠብጣብ የሚመስል ኩስ በሚታይበት ሁሉ ማኖር ይሻላል፦ በቁም ሣጥን ማጠፊያ፣ በመሳቢያ ውስጠኛ ጥግ፣ በምድጃ ጀርባ፣ በቧንቧ መግቢያ ቀዳዳ ዙሪያ። በማግስቱ ጠብታው ዳር ዳሩ ተግጦ ከተገኘ ቦታው ትክክል ነው፤ ሳይነካ ከደረቀ ወደ ሌላ ጥግ ይዛወራል። በዚያው ሰሞን በአጠገቡ ፍሊት መርጨት ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ የሚረጨው መድኃኒት ሽታ በረሮውን ከጄሉ ያርቀዋል። ጄል ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሴቷ የጀርመን በረሮ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ ጅራቷ ላይ ይዛ ስለምትዞር አዲስ ጫጩት በየጊዜው ይታያል፣ ሥራውም ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ በረሮውን የሳበው ጄል ከጊዜ በኋላ የማይነካ ከሆነ፣ ሌላ መርዝ የያዘና በሌላ ፋብሪካ የተቀመመ መግዛት ያስፈልጋል፤ በማባበያው ውስጥ ያለውን ግሉኮስ የሚባል ስኳር የሚጸየፉ በረሮዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በምርምር ስለታወቁ ነገሩ ግምት አይደለም።

ዱቄቶች ርካሽና ዕድሜያቸው ረጅም ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ይንቃቸዋል። ቦሪክ አሲድ በእግሩ የያዘው በረሮ ራሱን ሲያጸዳ ይውጠዋል፤ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፣ በጥንቃቄ ሲደረግም ከጄል ጋር ጥሩ ጓደኛ ነው። ከጥቃቅን የውኃ ውስጥ ሕያዋን ቅሪት የተገኘው ዲያቶማይት የሚባል ዱቄት ደግሞ የነፍሳቱን የውጭ ሰም ነቅሎ በድርቀት ይገድላል። ሁለቱም በጣም ስስ ሆነው መነስነስ አለባቸው፤ በረሮ የተከመረ ዱቄት ሲያይ ዞሮ ያልፋል። ዲያቶማይት የሚገዛ ሰው ለተባይ መከላከያ የተዘጋጀውን እንጂ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠውን እንዳይወስድ፤ የገንዳው ዓይነት በእሳት የታከመ ስለሆነ ለሳንባ ጎጂ የሆነ ክሪስታል ሲሊካ በብዛት ይዟል። ቦሪክ አሲድም ቢሆን «የቤት ዕቃ» ስለሚመስል ሕፃናት እጅ ይገባል፤ ቢዋጥ ይመርዛል።

ለትኋን ግን ከዱቄትም ከርጭትም ሙቀት ይበልጣል፤ ሙቀትን የሚለምድ ትኋን እስካሁን አልተሰማምና። አዋቂውም እንቁላሉም በ48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ 90 ደቂቃ ከቆየ ይሞታል፤ በ50 ዲግሪ ደግሞ ወዲያውኑ ማለት ይቻላል። የአልጋ ልብስን በሙቅ ውኃ አጥቦ በከፍተኛ ሙቀት በማድረቂያ ማሽን ማድረቅ፣ የፍራሽ ስፌትን ቀስ ብሎ በሚሄድ የእንፋሎት ማሽን መተኮስ ከማንኛውም ቆርቆሮ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ልብሱ ሙቀት የማይችል ከሆነ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ማቆየት ይቻላል። ዚፕ ያለው የፍራሽ መሸፈኛ ዋጋው ቢከብድም ይጠቅማል፤ ትኋን ሳይመገብ ለብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል መሸፈኛው አንድ ዓመት ያህል ሳይከፈት መቆየት አለበት።

ለቁንጫ ከቤቱ በፊት እንስሳው መታከም አለበት። ለወለሉ ሜቶፕሪን ወይም ፓይሪፕሮክሲፈን የሚባል የዕድገት ማገጃ የተጨመረበት ርጭት ይመረጣል፤ ዕጩ አዋቂ ቁንጫ ለመሆን በሠራው ሽፋን ውስጥ ሳለ ግን የትኛውም መድኃኒት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ከርጭቱ በኋላ ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ አዲስ ቁንጫ መታየቱ የመድኃኒቱ ድክመት አይደለም። ለትንኝ የሚጨሰውና በኤሌክትሪክ የሚተነው መድኃኒት ሌሊቱን ያስታግሳል፤ የተነከረ አጎበርና በየሳምንቱ የሚደፋ የቆመ ውኃ ግን ከእርሱ በላይ ይሠራሉ። በማይሰማ ድምፅ ተባይ ያባርራሉ የሚባሉትን መሣሪያዎች አለመግዛት ይሻላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 በላይ ለሆኑ አምራቾችና ሻጮች ማስረጃ የሌለው ማስታወቂያ እንዳያወጡ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል።

ፈጽሞ መገዛት የሌለባቸውም አሉ። ለእህል ጎተራ የተሠራው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ጎረቤት የተኛ ሰው ይገድላል። መግለጫ ሳይለጠፍበት በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ የእርሻ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዳይክሎርቮስ፣ በምንም ዋጋ ቤት ሊገባ አይገባም። ባለሙያ የሚጠራም ሰው ቢሆን ባለሙያው የሚጠቀምበትን መድኃኒት ስም፣ ከመርጨቱ በፊት መደበቂያዎቹን ይመረምር እንደሆነና ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቅ። ሳያይ በስልክ «አጭሰን እንጨርሰዋለን» የሚለው ሰው ውድ ፎገር ይዞ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ርካሹ ዕቃ ተለጣፊ ወጥመድ ነው። ማታ በምድጃ ጀርባ፣ በገንዳ ሥርና በቁም ሣጥን ጥግ ተቀምጦ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲታይ፣ ብዙ የያዘው ጄሉ የት መቀመጥ እንዳለበት ያሳያል። መድኃኒት ከተደረገ በኋላም ወጥመዱ ባለበት ይቆያል፤ ትልልቆቹ ጠፍተው ጥቃቅኖቹ ብቻ የሚያዙ ከሆነ አዲስ ከረጢት ተፈልፍሏል ማለት ነውና የደረቁት ጠብታዎች ተጠርገው በአዲስ ይተካሉ።