በጉዲፈቻ ላደጋችሁ፦ የምራቅ ምርመራን «የቤተሰብ የጤና ታሪክ» ብለው ሲሸጡላችሁ አትግዙ

በጉዲፈቻ ላደግን ሰዎች ተለይቶ የተዘጋጀ የሚመስል ማስታወቂያ አለ። ምራቃችሁን ላኩልን፣ የቤተሰባችሁን የጤና ታሪክ እንነግራችኋለን ይላል። እኔም እንደናንተው ያደግሁ ነኝ፤ ሐኪም «በቤተሰብ ካንሰር አለ? የልብ ሕመምስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ማጣት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለዚያ መልስ ብላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

የቤተሰብ የጤና ታሪክ ማለት ማን፣ በምን፣ በስንት ዓመቱ ታመመ የሚለው ነው። ምራቃችን ይህን አያውቅም። የሚናገረው ስለ ራሳችን ዘረመል ነው፣ ያውም ኩባንያው መርጦ ስላያቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ለሚባለው የምራቅ መርማሪ ኩባንያ የፈቀደው የጡት ካንሰር ተጋላጭነት ምርመራ ቢአርሲኤ በሚባሉት ዘረመሎች ላይ ከሚታወቁት ከ1,000 በላይ ለውጦች ያይ የነበረው 3ቱን ነው። ሦስቱም በብዛት የሚገኙት በአሽከናዚ አይሁድ (መነሻቸው መካከለኛውና ምሥራቅ አውሮፓ በሆኑ አይሁድ) ዘንድ ነው። ሌላ ዘር ያለው ሰው «አልተገኘም» ተብሎ ቢጻፍለት ነጻ ነኝ ሊል አይችልም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ወረቀቱን አምኖ የሐኪም የካንሰር ምርመራውን የሚተው ሰው።

ተቃራኒውም አለ። ከምራቅ መርማሪው ኩባንያ ያገኛችሁትን ጥሬ (ገና ያልተተረጎመ) የዘረመል መረጃ ተቀብለው በሽታ እንፈልግላችኋለን የሚሉ አሉ። በዚያው 2018 በታተመ አንድ ጥናት፣ ከእንዲህ ዓይነት ጥሬ መረጃ ወጥተው በሕክምና ላቦራቶሪ ዳግም ከተመረመሩት ለውጦች 40 በመቶው ሐሰት ሆነው ተገኝተዋል። በዚህ ተደናግጣችሁ ስለ ቀዶ ጥገና እንዳታስቡ።

ዘመድ ለማግኘት ብላችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የኩባንያዎቹ የዘመድ ማዛመጃ፣ ማለትም የናንተን ዘረመል ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚያነጻጽረው ክፍል፣ በርግጥ ብዙዎችን አገናኝቷል። እኔ አትግዙ የምለው ተጨማሪ የሚያስከፍለውን የጤና ክፍል ነው።

ለሐኪማችሁ «በቤተሰብ የለም» አትበሉ፣ «አይታወቅም» በሉና እንደዚያው እንዲመዘገብ አድርጉ። ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ተለኩ፤ በዘር የሚወረሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል እንኳ ብዙውን ጊዜ በተራ የደም ምርመራ ይታያል። ጉዲፈቻውን ያስፈጸመው አካል ወይም ፍርድ ቤቱ ስም ሳይገልጽ ሊሰጣችሁ የሚችል የጤና መረጃ በፋይሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ።

ወላጅ እናታችሁን ካገኛችሁ ደግሞ ረጅም መጠይቅ አትላኩላት፣ ትሸሻለች። ሕመሙንና የጀመረበትን ዕድሜ ጠይቁ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 በፊት በልብ ሕመም ከተያዙ ሐኪም ስለናንተ ያለው ግምት ይለወጣል። አባት ወይም እናት በ45 ዓመታቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ከያዛቸው እናንተ በ35 መመርመር ትጀምራላችሁ። የአባትን ወገንም አትርሱ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። የናንተንም ሕመም ንገሯት፣ ለሌሎች ልጆቿ ይጠቅማል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ «ተገኘ» የተባለውን የዘረመል አማካሪ ዘንድ ወስዳችሁ በሕክምና ላቦራቶሪ አስደግሙት። እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞቹ መረጃ የተሰረቀበት ያው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በመጋቢት 2025 የኪሳራ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ስለዚህ የትኛውም ኩባንያ ዘንድ ያለው ናሙናችሁ እንዲወገድ፣ መረጃችሁም እንዲጠፋ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ።