14 ወር፣ 1,600 ጥይት፦ ቱርክ ሰራሿ 1911 ሽጉጤ

ሽጉጧን ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ቲሳስ 1911 ኤ1 ናት፣ ዩኤስ አርሚ የሚሏት ሞዴል፣ ቱርክ አገር ትራብዞን የተሰራች። እስካሁን ወደ 1,600 ጥይት ተኩሼባታለሁ። አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ "ያቺ የድሮዋ የወታደር ሽጉጥ አለች?" ብሎ ሲጠይቅ አምስት ስድስት ተመሳሳይ ሽጉጥ ይደረደርለትና ግራ ይገባዋል። እኔም ዳላስ ውስጥ ሶስት ሱቅ ዞሬ ነው ልዩነታቸው የገባኝ።

መጀመሪያ ስለ ትውልዷ። ጆን ብራውኒንግ ነደፋት፣ የአሜሪካ ጦር በፈረንጆቹ 1911 ተቀበላት፣ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። በሙከራው ጊዜ 6,000 ጥይት ተተኩሶባት አንድም ጊዜ አልነከሰችም፣ ማለትም ጥይት ተቀርቅሮባት አልቆመችም። በ1920ዎቹ ደግሞ ትንሽ ተሻሽላ ኤ1 ተባለች፦ ምላጯ አጠረ፣ የእጀታዋ ጀርባ ጎበጥ አለ፣ ከመዶሻው ስር ያለችው ጭራ ረዘም አለች፤ ይሄኛው መዶሻው ወደ ኋላ ሲመጣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን ቆዳ እንዳይበላ ነው። በ1985 በቤሬታ እስክትተካ ድረስ ከ70 ዓመት በላይ አገልግላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲንጀር ሳይቀር ሰርቷታል፤ አዎ፣ ያው የምናውቀው የልብስ ስፌት መኪና ድርጅት! 500 ብቻ ስለሰራ ዛሬ ሰብሳቢዎች የቤት መኪና ዋጋ ይከፍሉባታል።

አሁን ወደ ገበያው። መልካቸው አያታላችሁ፣ ሁሉም ከሩቅ አንድ ናቸው። እኔ በመጨረሻ ሶስት ነገር ብቻ ነበር የማየው።

አንደኛው ማነጣጠሪያው ነው። የእኔዋ የጥንቱን ስለምትከተል የፊቷ ማነጣጠሪያ ቀጭን፣ የኋላዋ ክፍተት ደግሞ ጠባብ ነው። ስፕሪንግፊልድ የሚባለው ድርጅት የሚሸጠው ሚል-ስፔክ የተባለ 1911 ግን ሶስት ነጭ ነጥብ ያለው ትልቅ ማነጣጠሪያ አለው፣ ቀለህ የሚወጣበት መስኮትም ዝቅ ብሎ ተቆርጧል። ስሙ የወታደር ቢሆንም ወታደሩ ከያዛት የተሻሻለ ነው ማለት ነው፤ እኔ ስገዛ ዋጋውም እጥፍ ገደማ ነበር።

ሁለተኛው የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ ነው። ኮልት በ1983 ሲሪስ 80 የሚባለውን አመጣ፤ ምላጭ ካልተሳበ መርፌውን የሚይዝ ማገጃ አለው፣ ሽጉጡ በአፍጢሙ ቢወድቅ እንኳ እንዳይተኩስ። ሲሪስ 70 በሚባለው አሰራር ይሄ ማገጃ የለም። የእኔዋም የላትም፣ ፊሊፒንስ ማሪኪና የሚሰራው ሌላው 1911፣ የሮክ አይላንድ ጂአይም የለውም። ስፕሪንግፊልድ በማገጃ ፈንታ ቀላል የታይታኒየም መርፌ ነው የሚያስገባው። ማገጃ የሌላቸው ምላጫቸው ንጹህ ነው ይባላል፣ እውነትም ሲሳብ ያስታውቃል። ግን ወገብህ ላይ ይዘህ ለመዞር ከሆነ የምትገዛው፣ ይሄን ነገር ሻጩን ሳትጠይቅ ብር እንዳታወጣ። እኔ ለኢላማ ልምምድ ብቻ ስለሆነ የገዛኋት አላስጨነቀኝም።

ሶስተኛው ብረቱ ነው፤ የሮክ አይላንድ አካል ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሰራ ሲሆን የቲሳስ የተቀጠቀጠ ነው። በዋጋ ግን ብዙም አይራራቁም። የእኔዋ ከ400 ዶላር ትንሽ ከፍ አለች፣ ለዚህ ብረት ርካሽ ናት።

ግዢው ላይ 4473 የሚባለውን የአሜሪካ መንግስት የመሳሪያ ግዢ ቅጽ ትሞላላችሁ። ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለባችሁ፣ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። ሻጩ ሽጉጡን ከመስጠቱ በፊት የወንጀል መዝገባችሁ ይጣራል፤ የእኔ ማጣሪያ "ይቆይ" ብሎ መጣና ደነገጥኩ፤ በሁለተኛው ቀን አለፈ። እንዲህ ሲሆን ተከልክላችኋል ማለት አይደለም።

አተኳኮሷ? አንጀት ታርሳለች። ሽጉጧ ባዶዋን 1.1 ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን የፎርቲፋይቭ (.45) ጥይቷ፣ ያ ወፍራሙ፣ እንደሚወራው አይወረውርም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። ባለቤቴ ትፈራት ነበር፣ አሁን ከእኔ በላይ ትወዳታለች። ጥይቱ ግን ከዘጠኝ ሚሊሜትር በግልጽ ይወደዳል፣ ይሄን ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት። በ14 ወር ውስጥ ለጥይት ያወጣሁት ሽጉጧን ከገዛሁበት በልጧል።

በጣም ያስቸገረኝ ያ ማነጣጠሪያ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ባለ መተኮሻ ቤት ጥቁር በጥቁር ላይ ይሆንና ጫፉ ይጠፋል። ልቀይረው ብዬ ባለሙያ ብጠይቅ ስላይዱ፣ ማለትም ስትተኩስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት፣ በማሽን ካልተቆረጠ አይሆንም አለኝ። በመጨረሻ ሽጉጧን አራግፌ፣ የፊቱን ማነጣጠሪያ በአልኮል ጠርጌ፣ የባለቤቴን ብርቱካናማ የጥፍር ቀለም በስንጥር ጫፍ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። መጀመሪያ ነጭ ቀብታችሁ ከሥሩ ብትተዉት ይበልጥ ይደምቃል። ከዚያ ወዲህ በ10 ሜትር ጥይቶቼ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ በምታህል ቦታ ውስጥ ይገባሉ።

ስለ መንከስ ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አምስት ጊዜ ጥይት ነከሰችብኝ፣ ተናደድኩ፣ ልሸጣት ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ ጥይት የሚሞላባቸውን ካዝናዎች በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብዬ ቁጥር ጻፍኩባቸውና እየመዘገብኩ መተኮስ ጀመርኩ። ሁሌ የምትነክሰው 3 ቁጥር ስትገባ ነው! እሷ ከሽጉጧ ጋር አልመጣችም፣ ከአንድ የመሳሪያ ኤግዚቢሽን በርካሽ የገዛኋት ናት፤ አፏን ስመለከተው አንደኛው ከንፈር ወደ ውጭ ተከፍቷል። ጣልኳት። ከዚያ በኋላ ወደ 1,100 ጥይት ተኩሻለሁ፣ አንድም አልነከሰም። ሰው 1911 ትነክሳለች እያለ ሲያማርር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ካዝናው ከየት እንደሆነ ነው። የምተኩሰው ግን ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን የተለመደውን ጥይት ብቻ ነው፣ ጫፉ ክፍት የሆነውን አልሞከርኩባትም።

ስትፈታ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ከአፈሙዙ ስር ያለው የሞላ መክደኛ በአውራ ጣት ተጭኖ ነው የአፈሙዙ ቀለበት የሚዞረው፤ ካመለጠ እንደ ጥይት ይፈናጠራል፣ ስለዚህ መነጽር አድርጉ፣ ፊታችሁን ፊት ለፊቱ አታድርጉ። ስትገጥሙ ደግሞ የስላይድ ማቆሚያውን ፒን ከጎን ገፍታችሁ ካስገባችሁት አካሉ ላይ ግማሽ ክብ ጭረት ይተዋል። የእኔዋ ላይ አለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ያወጣሁት ነው፣ ሁሌ ስወለውላት ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። ሞላውን በ1,500 ጥይት ላይ 16 ፓውንድ ጉልበት ባለው አዲስ ቀየርኩት፣ ዋጋው ኢምንት ነው።

ቤት ውስጥ ያለ ጥይት፣ ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ነው የማስቀምጣት፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ። በዓል ሲመጣ ቤታችን በልጆች ይሞላል፣ ልጅ ደግሞ የማይከፍተው መሳቢያ የለም። ቴክሳስ ውስጥ ጥይት የጎረሰ መሳሪያ ልጅ በሚደርስበት ቦታ መተው ወንጀልም ነው። ሳጥኑን ከሽጉጧ ጋር በአንድ ቀን ነው የገዛሁት፤ በጀት ስታወጡ እሱንም፣ የጆሮ መከላከያውንም አስገቡ።

ድጋሚ ብገዛ ራሷን እገዛለሁ። ዓይኑ ደከም ያለ ሰው ግን ጨምሮ ሚል-ስፔኩን ይውሰድ። እኔ አሁን የማጠራቅመው ለሁለት ጥሩ ካዝና ነው።