የመጀመሪያውን ዝናብ የሚያስቀረው ቱቦ፦ ከአንድ የዝናብ ወቅት አገልግሎት በኋላ

በማስተምርበት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተተከለልንን የዝናብ ውሃ ማሰባሰቢያ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ስለተጠቀምንበት፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት ለሚያስቡ ትምህርት ቤቶች ያየሁትን ላካፍል። ዕቃው ባለ 10,000 ሊትር ጥቁር ታንከር፣ አሸንዳ፣ ወንፊትና የመጀመሪያውን ዝናብ ለይቶ የሚያስቀር ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ ነው።

ታንከሩ ጥሩ ነው። ብርሃን ስለማያሳልፍ ውስጡ አልጌ አላበቀለም፤ ቧንቧውም ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለተገጠመ ከሥር የሚዘቅጠው ደለል አብሮ አይወጣም። 120 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ወደ 1,000 ሊትር ገደማ ይጠራቀማል።

ልብ ሊባል የሚገባው ቱቦው ነው። ሳይዘንብ በሰነበተባቸው ሳምንታት ጣሪያው ላይ የተከማቸው አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ታጥቦ ወደዚህ ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ሲሞላ በውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ አፉን ትዘጋውና ተከታዩ ውሃ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ በዘነበ ማግስት የሥሩን ክዳን ፈትቼ በነጭ ባልዲ ስቀበለው፣ የወጣው ውሃ እንደ ሻይ የጠቆረና ላባ የሚንሳፈፍበት ነበር። ያ ሁሉ ልጆቹ የሚጠጡት ውስጥ ሊገባ እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ቅሬታዬ መጠኑ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሊትር የመጀመሪያ ውሃ ማስወገድ የተለመደ ስሌት ስለሆነ ለእኛ 60 ሊትር ያስፈልግ ነበር፤ የተገጠመልን ግን የውስጥ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር በመሆኑ የሚይዘው 19 ሊትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ውሃው ቀስ በቀስ እንዲንጠባጠብ የተተወው ቀዳዳ በአሸዋ ሲደፈን ቱቦው እንደሞላ ይቆያል፤ ያኔ ቀጣዩ የጣሪያ እጣቢ ያለ ከልካይ ታንከሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁለት ጊዜ ስለደረሰብን፣ አሁን ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ክዳኑን ፈትቶ ቱቦውን ያጥባል።

ገጣጣሚዎቹ ውሃው እንዳለ ይጠጣል ማለታቸውን በፍጹም አልቀበልም። ውሃው ጠራ ማለት ከጀርም ጸዳ ማለት አይደለም፤ የወፍ ኩስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለመጠጥ የሚቀዳውን በክሎሪን አክመን፣ 30 ደቂቃ ቆይተን፣ የቀረው ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መሆኑን ለክተን ለተማሪዎች እናቀርባለን፤ መለኪያው ከዕቃው ጋር አለመምጣቱ ትልቅ ጉድለት ነው። የትርፍ ውሃ መውጫውም ወንፊት ስላልነበረው የትንኝ እጭ አግኝተን ራሳችን ሸፍነነዋል።

ሊገዛ የሚያስብ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ጣሪያው አስቤስቶስ ወይም እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀባ አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ቱቦው በጣሪያው ስፋት ልክ ተሰልቶ እንደሚገጠምም በውሉ ላይ ያስጽፍ።