የልብ ዳግም ዕድገት ቤተ ሙከራ ወይስ የጅማ የልብ ሕሙማን ጥናት?

ጅማ ላይ በባዮሎጂ ወይም በሕክምና ላቦራቶሪ የተመረቁ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ በምርምር ረዳትነት ውጭ አገር፣ የተጎዳ ልብ እንዴት መልሶ እንደሚያድግ ወደሚያጠና ቤተ ሙከራ ልሂድ ወይስ እዚሁ ጅማ በልብ ሕሙማን ጥናት ልሥራ?

ሥራው፦ በቤተ ሙከራው ውሎው ከዜብራፊሽ ጋር ነው። ይህች ትንሽ ዓሣ ከልቧ የታችኛው ክፍል 20 በመቶ ያህሉ ቢቆረጥባት በሁለት ወር ገደማ መልሳ ታበቅለዋለች፤ ይህ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአንድ ቀን ዕድሜ ያላት አይጥም ትችላለች፤ በሰባተኛው ቀን ግን ችሎታዋ ይጠፋል። ረዳቱ ዓሣ የሚመግበው፣ የውኃውን ንጽሕና የሚለካው፣ በማይክሮስኮፕ ሕዋሳት የሚቆጥረው የዚህን ምክንያት ለማግኘት ነው። እኔን ዛሬም ያስደምመኛል።

በጅማው ጥናት ደግሞ ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ በልጅነቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልቡን ቫልቭ የጎዳበት ወጣት። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወስደውን የፔኒሲሊን መርፌ ትከታተላላችሁ።

ወጪ፦ ለውጭው ቪዛ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የአውሮፕላን ቲኬት። ለጅማው የባጃጅ ሒሳብ።

ስጋት፦ የሁለቱም ቅጥር በምርምር ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በቤተ ሙከራ የወራት ልፋት ያለ ውጤት ሊቀር ይችላል። በጅማው ግን የሚከብደው የምታውቁት ሕመምተኛ ከቀጠሮው ሲቀር ነው።

ለዶክትሬት ለሚያስብና ለብቻው ረጅም ሰዓት መሥራት ለማይሰለቸው ቤተ ሙከራው ይሻላል። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ ለሚናገርና የገጠር እናትን በትዕግሥት ለሚያዳምጥ የጅማውን እመክራለሁ።