ወንጀልና ካሳ ለየቅል መሆናቸውን የተማርኩበት የማታ ሥልጠና

የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት በዱቤ የሰጠሁትም፣ ቼክ የተቀበልኩትም፣ ሠራተኛ የቀጠርኩትም ሆነ ያሰናበትኩት በልምድና በጎረቤት ነጋዴ ምክር እንጂ ሕጉን አውቄ አልነበረም። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሥልጠና ማዕከል ለነጋዴዎችና ለሒሳብ ሠራተኞች በሚሰጠው የንግድ ሕግ መግቢያ ሥልጠና የተመዘገብኩት ይህን ጉድለቴን ለመሙላት ነው። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ማታ ለስምንት ሳምንት የሚሰጥ ሲሆን፣ ክፍያው ጥራዙን ጨምሮ 6,000 ብር ነው። እንዲህ ያለ ሥልጠና ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ምን መመልከት እንዳለበት ማሳየት ስለፈለግሁ የማዕከሉን ስም ትቼዋለሁ።

የሥልጠናው ጥንካሬ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በተሰጠው፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት፣ ማለትም ውል ሳይኖር በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ስለመክፈል በሚያስተምረው ክፍል ላይ ነው። አሠልጣኙ ለረጅም ዓመታት በጥብቅና የሠሩ ሰው ናቸው፤ ትምህርቱን የሚጀምሩትም ከትርጓሜ ሳይሆን ሠልጣኙ በራሱ ሱቅ ካጋጠመው ነገር ነው። እኔም ካቻምና የደረሰብኝን ተናገርኩ። አንድ መኪና ፌሮ ደጃፌ ቆሞ ከመንገድ የጠራኋቸው ጫኝና አውራጆች ሲያራግፉ፣ የ12 ሜትሩ እስር ጫፍ ዞሮ የጎረቤቴን የጫማ ሱቅ ትልቁን መስታወት ሰበረው። ጎረቤቴ ወደ እኔ መጣ፤ እኔ «ልጆቹን ጠይቅ» አልኩ፤ ልጆቹ ደግሞ «የጠራኸን አንተ ነህ» አሉኝ። አንድ ወር ተኳርፈን ከቆየን በኋላ የአካባቢው ሽማግሌዎች ወጪውን ለሦስት አካፍለው አስታረቁን። ማን መክፈል እንደነበረበት ግን እስከዚያ ማታ ድረስ አላውቅም ነበር።

አሠልጣኙ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፍተው ቁጥር 2027ን አነበቡልን። በዚህ መሠረት ሰው ከውል ውጭ ኃላፊ የሚሆነው በራሱ ጥፋት፣ ጥፋት ባይኖርበትም ሕጉ በለያቸው ምክንያቶች፣ ወይም ሌላ ሰው ላደረሰው ጉዳት ነው። ቀጥለው ወደ ቁጥር 2130 እና 2134 ወሰዱን። የመጀመሪያው ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ግን ሥራውን የተቀበለው ሰው በአሠሪው ሥልጣን ሥር ያልሆነና ነጻነቱን እንደያዘ የሚቆጠር ከሆነ ያሠራው ሰው ለዚያ ሰው ጥፋት እንደማይጠየቅ ይናገራል። ይህን ስሰማ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ፌሮው በየት በኩል ይግባ ብሎ ያዘዘ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በራፉ ላይ ቆሜ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያልኩ ስመራ የነበርኩት እኔው ነበርኩ። «እንግዲያው ልጆቹ ነጻ ሠራተኞች ቢባሉ እንኳ፣ ያንን ትእዛዝ በመስጠትዎ ራስዎ በቁጥር 2028 የሚያስጠይቅ ጥፋት አለብዎት ወይስ የለብዎትም የሚለው ክርክር ይቀራል» አሉኝ። መልሱን አልሰጡኝም፤ ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ የሚወስነው ነገር ስለሆነ ባለመስጠታቸው አከበርኳቸው። ከዚያ ማታ ወዲህ ዕቃ ሲራገፍ አንድ የራሴ ሠራተኛ በጎረቤቴ መስታወት ፊት እንዲቆም አድርጌያለሁ።

ወንጀልና ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚለያዩበትን መስመር ያሳዩንም በዚሁ ፌሮ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንድ ድርጊት ወንጀል ለመባል ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች (ማለትም ሕጉ ወንጀል ያለው መሆኑ፣ ድርጊቱ ራሱ፣ እና የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ተሟልተው እንዲገኙ ይጠይቃል፤ በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣውም ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ስለዚህ በግድየለሽነት የተሰበረ መስታወት የካሳ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ ያው ፌሮ የመንገደኛ እግር ሰብሮ ቢሆን ኖሮ ግን ከካሳው በተጨማሪ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ የወንጀል ክስ ሊመጣ ይችል ነበር። ለአሥራ አንድ ዓመት «ከባድ ጉዳት ከሆነ ወንጀል ነው፣ ቀላል ከሆነ ፍትሐ ብሔር ነው» እያልኩ ስኖር የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ በስህተት ሰብሮ በወንጀል አለመጠየቅ እንደሚቻል ሁሉ፣ ሁለት ሺህ ብር አታሎ መውሰድም ያሳስራል።

አምስተኛው ሳምንት የቼክ ነበር፤ ክፍሉም ከሁሉም ቀን ይልቅ ሞልቶ ነበር። በርበሬና ቅመማ ቅመም በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንዲት እናት፣ ከአንድ ደንበኛቸው የተቀበሉት ቼክ ደረቅ ሆኖባቸው ጉዳዩ ለፖሊስ እንደደረሰ ነገሩንና «መምህር፣ ልጁ ተፈርዶበት ቢታሰር ብሬ በዚያው ይመለስልኛል ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አሠልጣኙ «እትዬ፣ እስሩ የመንግሥት ክስ ነው፤ ብሩ የእርስዎ ክስ ነው» አሏቸው። ከዚያም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 መሠረት በባንክ በቂ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ ሊቀጣ እንደሚችል፣ ሆኖም ቅጣቱ በራሱ ዕዳውን እንደማይከፍል አስረዷቸው። የግል ተበዳይ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ እንደሚችል፣ ወይም በፍትሐ ብሔር ችሎት ለብቻው ሊከስ እንደሚችልም ነገሯቸው። ለቼክ ገንዘብና በጽሑፍ ለተረጋገጠ ዕዳ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 አጠር ያለ የክስ አካሄድ እንዳለም ጨመሩላቸው። እትዬ ቁጥሩን በደብተራቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጽፈው ሲያሰምሩበት ከጎናቸው ሆኜ አየሁ። እኔ በበኩሌ ልብ ያልኩት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የወደፊት ቀን የተጻፈበትን ቼክ እንደ መያዣ እንቀበላለን፤ ሕጉ ግን ቼክን ለባንክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ አድርጎ ስለሚያየው፣ በላዩ ከተጻፈው ቀን በፊት ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል።

ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ መቅረብ ስላለበት የጊዜ ገደብ፣ የተነገረው ከአንድ ሰዓት ባይበልጥም የከፈልኩትን ገንዘብ የመለሰልኝ እሱ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሕጉ አጠር ያለ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር ከውል የሚነሳ ጥያቄ ግን አሥር ዓመት ጊዜ አለው። እንደ ልቤ የማየውን አንድ ደንበኛዬን «ሲመቸው ይካሰኛል» ብዬ ዝም ያልኩበት ጉዳይ ነበረኝ፤ ዕቃ ሲጭን መጋዘኔን በመኪናው ከገጨ ሃያኛ ወሩን ይዞ ነበር። በማግሥቱ ደወልኩለት፤ በጽሑፍም ተስማማን።

ስለ ፍርድ ቤቶች የተሰጠው ትምህርት ግን ደካማ ነበር። በአንድ ማታ ብቻ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰሌዳ ላይ ተሥሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚጀመር ተነግሮን ታለፈ። ነጋዴ ግን ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል። የዳኝነት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ፣ ደረሰኝ የሌለው የዱቤ ሽያጭ በምን እንደሚረጋገጥ፣ ከክርክሩ በፊት በፍርድ ቤቱ አስማሚዎች ፊት መስማማት ምን ጥቅም እንዳለው አልተነሣም። ከሁሉ የሚያስቆጨው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት) ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ መሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ነው፤ አንድ የሕግ ቁጥር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ውሳኔዎች ነውና። አንድ ማታ ልደታ ስላለው ፍርድ ቤት ከማውራት አንድ ጠዋት ለሁሉም ክፍት በሆነ ችሎት ተቀምጦ ማዳመጥ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጥራዙን የሚመለከት ነው። ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረው ምዕራፍ ተራ የሽርክና ማኅበርን ጨምሮ የ1952ቱን የንግድ ሕግ ስድስት ዓይነት ማኅበራት ይዘረዝራል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ተራውን የሽርክና ማኅበር አስቀርቶ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንና ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን በመጨመር ዝርዝሩን ሰባት አድርሶታል። አሠልጣኙ በቃል አስተካክለውልናል፤ ነገር ግን ያልተገኘ ሠልጣኝ ይዞት የቀረው ያረጀውን ገጽ ነው። ብቻዬን ማኅበር ማቋቋም እችላለሁ ወይ እያለ ለሚያመነታ ነጋዴ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ጥራዙ እንዳለ ያረጀ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሕጉ ክፍሎች በጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው፤ የቼክ ድንጋጌዎችም እስካሁን በ1952ቱ የንግድ ሕግ የሚገኙ ስለሆኑ እነሱን የሚጠቅሱት ገጾች ትክክል ናቸው።

በክፍያው ረገድ 6,000 ብር ለአንድ አነስተኛ ሱቅ ባለቤት ቀላል ገንዘብ ባይሆንም፣ ሠራተኛ ለሚያሠራ፣ በዱቤ ለሚሸጥና ቼክ ለሚቀበል ሰው ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ። በአንጻሩ ክስ ተመሥርቶበት ቀጠሮ ለሚጠብቅ ሰው ሥልጠናው አይሆነውም፤ እሱ ገንዘቡን ለጠበቃ ቢከፍል ይሻላል። ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ጥራዙን ተቀብሎ የንግድ ማኅበራትን ገጽ ይመልከት፤ ስድስት ዓይነት ብቻ ተዘርዝረው ካገኘ፣ የተስተካከለው ቅጂ እንዲሰጠው ይጠይቅ።