«ለመንገድ የተዘጋጀ» የሚባለውን የኮረኮንች ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት

በሞተር ብስክሌት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እየበዛ መጥቷል፦ «የኮረኮንች ሞተር፣ ለመንገድ የተዘጋጀ፣ ሁሉ ነገሩ ያለቀለት»። አብሮት የሚወጣው ፎቶግራፍም ይመሳሰላል። ቁመተ ረጅም ቀጭን ሞተር፣ ከፊቱ አዲስ መብራት፣ ግራና ቀኝ ትንንሽ ፍሬቻዎች፣ አንድ ስፖኪዮ፣ ከኋላ ደግሞ የሰሌዳ ማሰሪያ። ዋጋው ከፋብሪካ ለመንገድ ተብሎ ከተሠራው አቻው ያንሳል፤ ከመንገድ ውጭ ብቻ እንዲነዳ ተሠርቶ ምንም ካልተነካው የጫካ ሞተር ግን በብዙ ይበልጣል። ለዚህ ብልጫ የተሰጠው ስም «ዝግጅት» ነው። በዚያ ገንዘብ የምትገዙት ግን አብዛኛውን ጊዜ አምፖልና ሽቦ እንጂ መንገድ ላይ የመንዳት መብት አይደለም። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ከወረቀቱ እጀምራለሁ። ያልበራ መብራት ይጠገናል፤ ወረቀት የሌለው ሞተር ግን የቱንም ያህል ቢጠገን ከግቢ አይወጣም።

ለውድድርና ለጫካ የሚሠራ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ከመንገድ ውጭ ብቻ እንዲነዳ ተብሎ ነው የሚመደበው። በአሜሪካ ይህ ነገር አምራቹ በሚሰጠው የትውልድ ሰነድ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። በአውሮፓ ለመንገድ የተሠራ አዲስ ሞተር ከደረጃው ጋር መጣጣሙን የሚመሰክር ሰነድ ይዞ ይወጣል፤ ለውድድር ብቻ የተሠራው ግን ይህ ሰነድ የለውም። ከዚያ በኋላ ሕጉ እንደየቦታው ይለያያል። አንዳንዱ አስተዳደር መብራት፣ ክላክስ፣ መስታወትና የመንገድ ጎማ ተገጥሞለት ምርመራ ካለፈ ሰሌዳ ይሰጣል። ሌላው የጭስና የድምፅ ፈቃድ የሚገኘው በፋብሪካ ደረጃ ብቻ ነው ብሎ ምንም ብትገጥሙለት አይቀበልም። ስለዚህ ሞተሩን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት የሞዴሉን ሙሉ ስምና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ ሰሌዳ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የሻጭ ቃል ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሻጮች ወረቀት ሲጠየቁ የሚሰጧቸው መልሶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው «ሰሌዳ አለው» የሚለው ነው። ይኑረው፤ ግን የምን ሰሌዳ? በአንዳንድ አገሮች ከመንገድ ውጭ ለሚነዱ ሞተሮችም የምዝገባ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር አስፋልት ላይ አያስወጣችሁም። የሌላ ሞተር ሰሌዳ ተነቅሎ የተለጠፈበትም ይገኛል። ሁለተኛው «ምርመራውን አልፏል» ነው። ለምርመራ ቀን ብቻ ተገጥሞ ማግስቱን የሚፈታ ዕቃ አዲስ ነገር አይደለም፤ የምርመራ ወረቀቱ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከፊታችሁ ከቆመው ሞተር ጋር መመሳሰሉን እዩ። ሦስተኛው ደግሞ «ወረቀቱ ሂደት ላይ ነው፣ በቅርቡ ያልቃል» የሚለው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያልቃል ከተባለ ይለቅ፤ ገንዘቡም ያኔ ይከፈል።

የሻንሲ ቁጥሩን በራሳችሁ ዓይን አንብቡት። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ መሪው በሚዞርበት አንገት ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት 17 ፊደላትና አሃዞች አሉት፤ ከ1ና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ፣ ወይም በቁጥሩ ዙሪያ ብረቱ ተሞርዶ ቀለሙ ከሌላው አካል የተለየ ከሆነ፣ ደህና ዋሉ ብላችሁ መሄድ ነው። የጫካ ሞተር በብዙ ቦታ ያለ ምዝገባ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወር የተሰረቀውን ከተገዛው ለመለየት ያስቸግራል፤ «የመንገድ ዝግጅት» ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሞተር አዲስ ልደት መስጫ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኢንሹራንስ ብዙ አልልም። የሻንሲ ቁጥሩን ለኩባንያው ስጡና ይህን ሞተር በመንገድ ላይ ትሸፍናላችሁ ወይ ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ። በስልክ «ችግር የለም» ያለ ሰው፣ ሰው የተጎዳ ቀን አይገኝም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ማታለሉ በደንብ የሚታየው ሽቦው ላይ ነው።

የመንገድ ሞተር መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ክላክሱን የሚያነሳው ከባትሪ ነው፤ ባትሪውንም ሞተሩ ሲዞር የሚሠራ ዲናሞ ይሞላዋል። ብዙ የኮረኮንች ሞተሮች ግን ባትሪ እንኳ የላቸውም። መብራት ያላቸውም ቢሆኑ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ሞተሩ ሲዞር ከሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ስለሚወስዱ ሞተሩ ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ይደበዝዛል። ከጥቅሉ የሚወጣውም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፍሬቻው፣ ክላክሱና ባትሪው የሚፈልጉት ግን ቀጥተኛውን ነው። የተለመደው የመንገድ ሞተር የፊት አምፖል ወደ 55 እና 60 ዋት ሲጠጋ፣ ብዙዎቹ የጫካ ሞተሮች ለመብራት የሚተርፋቸው ኃይል 35 ዋት አምፖል ቢያበራ ነው። ለሞቶክሮስ ውድድር የተሠሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመብራት የሚሆን ጥቅል ጨርሶ የላቸውም። ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ መካኒክ ጥቅሉን እንደገና ያስጠቀልላል ወይም ይቀይራል፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ቀይሮ ቮልቱን የሚገድብ ሬጉሌተር ያስገባል፣ ከዚያ ባትሪ ይገጥማል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። በርካሽ የሚሠራው አንዲት ትንሽ ባትሪ ከመቀመጫ ሥር ይሸጉጥና ሁሉንም ከእርሷ ላይ ያነሳል። ማታ ቤት ቻርጅ ተደርጋ ጠዋት ለገዢ ስትታይ ሁሉ ነገር ቦግ ይላል። መንገድ ላይ ግን የሚሞላት ስለሌለ እያለቀች ትሄዳለች፤ የምታልቀውም በጨለማ ነው።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ተራ የቮልት መለኪያ ነው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩን አስነሱና ነዳጅ ጨመር አድርጉለት፤ ዲናሞው የሚሞላ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 14 ይጠጋል። ካልተነቃነቀ ወይም ከወረደ የሚሞላ ነገር የለም። መለኪያ ከሌላችሁ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ተዉትና መብራቱን አብሩ፣ ፍሬኑን ያዙ፣ ፍሬቻ ስጡ፣ ክላክስ ንፉ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። መብራቱ ከፈዘዘ ወይም ፍሬቻው ቀጥ ካለ ነገሩ ገብቷችኋል። ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ማለት አለበት። አንዳንዱ እንደ እብድ ይጣደፋል፤ ይህ የሚሆነው ለከባድ አምፖል የተሠራ ማብለጭለጫ ከቀላል ኤልኢዲ ጋር ሲገናኝ ነው። ቀላል ጥፋት ነው፤ ግን ይህን ያላስተካከለ ሰው የማይታየውን እንዴት እንደሠራው መገመት አያቅትም። ከዚያ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሩት። በአንገቱ በኩል የሚያልፈው ሽቦ ተወጥሮ ክላክሱ በራሱ የሚጮህበት ወይም ሞተሩ የሚጠፋበት «የተዘጋጀ» ሞተር አጋጥሞኛል። መቀመጫው ሲነሳ የቤት መብራት ሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ፍሬኑ ነው። አብዛኛው የጫካ ሞተር ፍሬን ሲያዝ የኋላውን መብራት የሚያበራ ማብሪያ የለውም። ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የፍሬን ቱቦውን ከፖምፓው ጋር የሚያስረውን ውስጡ ቀዳዳ የሆነ ብሎን አውጥቶ በምትኩ ማብሪያ ያለው ብሎን ማስገባት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ እነዚህ ብሎኖች አብዛኞቹ 10 ሚሊሜትር ውፍረት እያላቸው ጥርሳቸው ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ የአንዱ በ1 ሚሊሜትር፣ የሌላው በ1.25 ሚሊሜትር ርቀት የተቆረጠ ነው። ያልሆነው ብሎን መጀመሪያ ላይ ይገባል፣ ከዚያ ይከብዳል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በቁልፍ ያስገድደዋል። ፖምፓው አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላል። ከውጭ ሲታይ ግን የጠበቀ ይመስላል። ያ ብሎን ተይዞ ያለው በተበላ ጥርስ ነው፤ እናንተ ደግሞ አንድ ቀን ሕፃን መንገድ ሲያቋርጥ በሙሉ ኃይላችሁ ትጨብጡታላችሁ።

ስለዚህ ጣታችሁን በዚያ ብሎን ዙሪያ አዙሩ። እርጥበት ካለ፣ ወይም በአካባቢው ያለው ቀለም ካበጠና ከተላጠ፣ የፍሬን ፈሳሽ እየወጣ ነው። ፈሳሹ ቀለም ይበላል። ብሎኑን ከላይና ከታች የሚያጅቡት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበቶች ብሎኑ በተፈታ ቁጥር በአዲስ መተካት ሲኖርባቸው፣ ብዙ ጊዜ አሮጌዎቹ ናቸው የሚመለሱት። የፍሬኑን መያዣ ጨብጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ቀስ እያለ ወደ መሪው ከተጠጋ አትንዱት፣ ለሙከራም ቢሆን። የእጁንና የእግሩን ፍሬን ለየብቻ ስትነኩ የኋላው መብራት በሁለቱም መብራቱንም አረጋግጡ። አንዱን ብቻ አገናኝቶ መተው የተለመደ ነው።

ጎማውን ለማየት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ለውድድር የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ ለአውራ ጎዳና እንዳልተሠራ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ይገኛል። ለመንገድ የተፈቀደው እንደየአገሩ ዶት የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ወይም በክብ ውስጥ የተቀመጠ ኢ ፊደልና ቁጥር አለበት። የጥርሱ ትልቅነት ብቻ አያታልላችሁ፤ ትልልቅ ጥርስ ኖሮት ለመንገድ የተፈቀደ ጎማ አለ። በዶት ቁጥሩ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

አዲስ የተገጠመው የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ከዜሮ እንደሚጀምር አትርሱ። «ገና ትንሽ የሄደ» የሚባልለት ሞተር ያንን ትንሽ የሄደው መቁጠሪያው ከተገጠመ ወዲህ ነው። የሰንሰለት ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን እንደ ማጭድ ታጥፈው፣ የእግር ማሳረፊያው ሹል ጫፍ ተበልቶ፣ ሻንሲው በጫማ ተፍቆ ብረቱ ከወጣ ዕድሜውን የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

የሞተሩም ተፈጥሮ አለ፤ ይህን ምንም ዓይነት መብራት አይቀይረውም። ለውድድር የተሠሩ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት ጥቂት ነው፤ ዘይትና ፒስተን የሚቀየረውም በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው። የአምራቹ መመሪያ ዘይቱን በየ15 ሰዓቱ ቀይሩ የሚል ከሆነ፣ በቀን ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው በየሳምንቱ ዘይት ሊቀይር ነው ማለት ነው። በአብዛኞቹ የመንገድ ሞተሮች የኋላ ሞዞ ውስጥ የሰንሰለቱን ምት የሚያበርድ ላስቲክ አለ፤ በውድድር ሞተሮች ላይ ግን የሰንሰለቱ ጥርስ በቀጥታ ሞዞው ላይ ታስሯል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ጉዳት የለውም። አስፋልት ላይ ግን ጎማው አይንሸራተትም፤ ምቱን ሁሉ የሚቀበለው ካምቢዮው ነው።

ሆንዳ ራሱ ሲአርኤፍ 450አር የተባለውን የሞቶክሮስ ሞተሩን መነሻ አድርጎ ለ2019 ሞዴል ዓመት 450ኤል የሚባል የመንገድ ሞተር ሲያወጣ መብራት ብቻ ለጥፎ አላበቃም። ባለ አምስት የነበረውን ማርሽ ስድስት አደረገ፣ የኋላ ጎማውን የሚይዘውን ክንድ እንኳ ድምፅ እንዲቀንስ ውስጡን በዩሬቴን ሞላው። የፋብሪካውን ድካም አንድ ካርቶን ዕቃ ይተካዋል የሚል ሻጭ ቀልደኛ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ስሞቹን ልብ በሉ፤ በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። በአሜሪካ ገበያ የሱዙኪ ዲአር-ዜድ 400ኤስ ለመንገድ የተሠራ ነው፣ 400ኢ ግን የጫካ ነው። እዚያው የሆንዳ ኤክስአር 650ኤል የመንገድ ነው፣ 650አር ከመንገድ ውጭ የሚነዳና በሞተሩም የተለየ ነው። ማስታወቂያው መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል ከዘለላት ረስቶ ነው ብላችሁ አትለፉት።

የተቀየረ ሞተር ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሶ፣ ጥቅሉን አስቀይሮ፣ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ለመሻገር አጭር አስፋልት የሚነዳ ሰው ጥሩ ነገር ይዟል። እንዲህ ያለው ሰው ሲሸጥ ግን ደረሰኞቹንና የሽቦውን ሥዕል ያሳያችኋል። ሊብሬው ላይም ሞተሩ ለመንገድ መመዝገቡ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

መግዛት ካለባችሁ «ይህ ሞተር በገዢው ስም ለመንገድ ካልተመዘገበ ሻጩ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ ትግባ፤ ክፍያውም ስም ከዞረ በኋላ ይሁን። ይህች መስመር ስትነሳ ሻጩ የሚያሳየው ፊት ከማንኛውም መካኒክ የበለጠ ይነግራችኋል። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ሞተሩን አቁሙ፣ ምንም አትፍቱበት፣ ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ዛሬውኑ አስቀምጡ። ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ስትጠይቁት ሻጩ መጀመሪያ የሚያጠፋው ማስታወቂያውን ነው።