የመጀመሪያ ሳይለንሰር ለምትገዙ፦ ስታዲየም አካባቢ ላሉት መካሪያችን ምስጋና

ስታዲየም አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው ለሚያማክሩት ጋሼ ይህ ምስጋና በአደባባይ ይድረስልን። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ነው ወደዚህ የመጡት። ብዙ የድሮ ደንበኞች ጠፉ ብለው ይፈልጓቸዋልና ይህን ጽሑፍ ያዩ ያሰራጩልን።

ሥራቸው ምክር ብቻ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ የዒላማ ተኩስ የሚወዱ ወገኖቻችን ለገና ወይም ለፋሲካ ሲመጡ «የመጀመሪያ ሳይለንሰር የትኛውን ልግዛ?» ብለው የሚሄዱት እሳቸው ጋ ነው። ሳይለንሰር ማለት የጠመንጃ ወይም የሽጉጥ አፈሙዝ ላይ የሚገጠም የተኩስ ድምፅ መቀነሻ ነው። አይሸጡም፣ ከሻጭ ኮሚሽን አይቀበሉም፣ ብረትም አይነኩም። እዚህ ሀገር የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚተዳደር፣ ለዚህ ሀገር የሚሆን ነገር የሚጠይቃቸውን ሰው ከበር ይመልሱታል። እዚያ የተገዛውንም በሻንጣ ይዞ መምጣት አይታሰብም፤ ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ ማውጣት ራሱ ወንጀል ነው።

መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ መሣሪያው አይደለም፤ የት ነው የምትኖረው ይላሉ። በ42 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግለሰብ ሳይለንሰር መያዝ ይችላል። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያም ይቻላል፤ መሐላቸው ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ግን ትከለክላለች። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ ያሉም ውይይቱ እዚያው ያበቃላቸዋል። ለሚፈቀድለት ሰው መንገዱ ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል ፎርም 4 የተባለውን የፌዴራል መንግሥት የዝውውር ማመልከቻ መሙላት ነው፤ አሻራና ፎቶ ይጠየቃል። ከ1934 ጀምሮ ሲከፈል የኖረው 200 ዶላር ታክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች በጋራ ሊጠቀሙበት ካሰቡ በትረስት (ንብረት በጋራ ለመያዝ በሚቋቋም ሕጋዊ አደራ) ስም እንዲያስመዘግቡ ይመክራሉ፤ በግል ስም የተመዘገበውን ባለቤቱ በሌለበት ሌላ ሰው ይዞት ቢገኝ ችግር ነው። «ማጽጃ ኪት» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ገዝቶ መብሳትማ ያለ ፈቃድ ሳይለንሰር መሥራት ማለት ነው፤ እስከ 10 ዓመት እስር ያመጣል።

ምክራቸውን ውድ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ሳይለንሰር በስምህ ከተመዘገበ በኋላ እንደ ጫማ አልሆነኝም ብለህ አትመልሰውም። የተሳሳተ ምርጫ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ለካሊበር 22 (ውፍረቷ 0.22 ኢንች ገደማ ለሆነችው ትንሽ ጥይት) የተሠራ፣ በእጅ ተፈትቶ የሚጸዳ። ምክንያቱን በመኪና ማርሚታ ነው የሚያስረዱት። ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1909 የፓተንት መብት ያገኘበት የጠመንጃ ሳይለንሰርና የመኪና ማርሚታ ሥራቸው አንድ ነው። ትኩስ ጋዝ በግፊት ይወጣል፣ በተደረደሩ ግድግዳዎች መሐል እየተሽከረከረ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግድግዳዎቹን ሻጮች ባፍል ይሏቸዋል። የ22 ጥይት ብዙውን ጊዜ ልባስ የሌለው ወይም በስሱ መዳብ የተቀባ እርሳስ ስለሆነ፣ ብናኙ ከባሩዱ ጥቀርሻ ጋር ባፍሉ ላይ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። የማይፈታ ከሆነ ከጊዜ በኋላ በእርሳስ ይሞላል። እዚህ ላይ ጋሼ ቀላል ዘዴ አላቸው፦ አዲስ እያለ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነህ ጻፈው። በየ500 ጥይቱ ፈትተህ አጽዳ፤ ከማጽዳትህ በፊት መዝነው፣ የጨመረው ግራም የእርሳሱና የጥቀርሻው ክብደት ነው።

ስለ ብረቱም ይነግራሉ። ባፍሉ ስቴንለስ፣ ቱቦው ቲታኒየም ወይም አሉሚኒየም የሆነው ለ22 በቂ ነው፤ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ200 ግራም በታች ይሆናል። ሁሉም አሉሚኒየም የሆነው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሲጸዳ ግን ጠንካራ ኬሚካል አይችልም። አቼቶና ፐርኦክሳይድ ቀላቅለው የሚዘፈዝፉ አሉ፤ ይህን ጋሼ አጥብቀው ይከለክላሉ። ውህዱ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ እርሳሱንም በውሃ ወደሚሟሟ መርዝ ይለውጠዋል። ያ ውሃ ደግሞ ልጆች ባሉበት ቤት ገንዳ ውስጥ ይደፋል። ጓንት፣ የፕላስቲክ ብሩሽ፣ ዘይትና ትዕግሥት ይበቃል። ባፍሎቹን ስትፈታ በቅደም ተከተላቸው ደርድር፣ ቁጥር ካላቸው ቁጥሩን ጠብቅ፤ አንዱ ተገልብጦ ከገባ ጥይቱ ይመታዋል።

ቀጥሎ ፊሌቶ፣ ማለትም ሳይለንሰሩ አፈሙዙ ላይ የሚጠብቅበት ጥምዝ ጥርስ። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ጋሼ ረጅም ጊዜ ይወስዱበታል። የ22 አፈሙዝ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ኢንች በ28 ጥርስ (በአንድ ኢንች 28 ጥርስ) ነው። የአሜሪካ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥም በብዛት ግማሽ ኢንች በ28 ጥርስ ነው! ሁለቱም ይገጥማሉ፤ መግጠሙ ግን ይሆናል ማለት አይደለም። የ22 ሳይለንሰር ቀዳዳ ለ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጠባል፣ ግፊቱንም አይችልም፤ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለቱንም መሣሪያ የያዘ ሰው ሳይለንሰሮቹን በተለያየ ቀለም ምልክት እንዲያደርግና በየራሳቸው ሳጥን እንዲያስቀምጥ ይነግሩታል። የአውሮፓ 9 ሚሊ ሜትር በርሜል ደግሞ ኤም 13.5 በ1 (በሚሊ ሜትር) ሆኖ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ በቀኝ ፊሌቶ እየገፉ ማስገደድ ጥርሱን ይበላዋል። ከ22 ሽጉጦች ዋልተር ፒ 22 ያላቸው አስማሚ ቁራጭ ያስፈልጋቸዋል፤ ሩገር ማርክ 4 ፊሌቶ ካለው አያስፈልገውም።

ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ሌላ ጣጣ አለ። ግሎክ 19ን የመሰሉት ሲተኮሱ በርሜላቸው ወደ ኋላ ሄዶ ዘንበል ይላል። ጫፉ ላይ 300 ግራም ብረት ሲሰቀልበት እንቅስቃሴው ይታፈንና ሽጉጡ ራሱን አያጎርስም። ለዚህ ነው ፒስተንና ሞላ ያለው ማገዣ፣ ሻጮች ቡስተር የሚሉት፣ የሚያስፈልገው፤ ለአፍታ የሳይለንሰሩን ክብደት ከበርሜሉ ላይ ያነሳለታል። ፒስተኑ ትንሽ ግራሶ ይፈልጋል። በርሜሉ የማይንቀሳቀስ ካራቢን (አጭር ጠመንጃ) ላይ ሲገጠም ግን ሞላው ወጥቶ በድፍን ቀለበት መተካት አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው ማገዣውን ይሰብራል። 35 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው የ9 ሳይለንሰር የተለመደውን ማነጣጠሪያም ይጋርዳል፤ ረጅም ማነጣጠሪያ ወይም ሬድ ዶት (ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) በበጀት ውስጥ ይግባ። የ22 ሽጉጥ በርሜሉ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ «መጀመሪያ 22» የሚሉት ለዚህም ጭምር ነው።

ሳይለንሰር የሚለው ስም ግን ሰውን ያሳስታል። የ22 ጠመንጃ ባዶውን 140 ዴሲቤል ገደማ ይጮኻል፤ ጥሩ ሳይለንሰር ሲደረግለት ወደ 115 ይወርዳል። 9 ሚሊ ሜትር ከ160 ገደማ ወደ 130 አካባቢ ይወርዳል፤ ስለዚህ የጆሮ መከላከያው አይወልቅም። የመጀመሪያው ጥይት ከሌሎቹ ጮክ ቢል ተበላሸ አትበሉ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከጋዙ ጋር ስለሚቃጠል ነው። ጥይቱ ከድምፅ ከፈጠነ የራሱ ስንጥቅታ አለው፤ እሱን የትኛውም ሳይለንሰር አይነካውም። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የተባለው የ22 ጥይት 326 ገደማ ነው፣ ጸጥ ይላል፤ ሃይ ቬሎሲቲው 376 ገደማ ነው፣ ከረጅም በርሜል ይሰነጥቃል። በ9 ሚሊ ሜትር 147 ግሬይን (ግሬይን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ግዙ፤ 115 ግሬይኑ ድንበሩን ያልፋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ላይ ድምፅ ይለያል ወይ ብለው ለሚጠይቁም መልስ አላቸው፦ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀቱ ነው፤ የአየሩ መሳሳት አይደለም።

አገጣጠሙን በወረቀት ሥዕል ነው የሚያሳዩት። ካዝናው ይወጣል፣ ጥይት አለመኖሩ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ሳይለንሰሩ በእጅ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ከዚያ ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ በአፈሙዙ ገብቶ መሐል ለመሐል መውጣቱ ይታያል፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አይተኮስም፣ በርሜሉ ወደ ባለሙያ ይሄዳል። በየካዝናው መሐል መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ጥብቀቱን መፈተሽ የግድ ነው። ጥይት ባፍል የሚመታው በአብዛኛው ሳይለንሰሩ ሲላላ ነው፤ መበላሸቱም የሚታወቀው ጫፉ ላይ አዲስ ጭረት ሲታይ ወይም ጥይቱ ዒላማው ላይ በጎኑ ሲያርፍ ነው። የ22 ሽጉጥ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ስለሚመልስ መነጽር ይደረግ።

ጋሼ አንድን ሰው ሙሉ ሰዓት ያዳምጣሉ፣ መልሱንም በእጃቸው ጽፈው ይሰጣሉ። መግዛት የሌለበትን አትግዛ ብለው ይመልሱታል፤ ክፍያቸው ያው ነው። እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ይገኛሉ። ስትሄዱ የመሣሪያውን ሞዴል፣ የበርሜሉን ርዝመትና ከመመሪያው ላይ የፊሌቶውን ልክ ጽፋችሁ ያዙ፤ የምትተኩሱበትን የጥይት ዓይነትና የምትኖሩበትን ክፍለ ግዛትም ጨምሩበት።